ፀሐይ ከራስጌ አትወጣም፦ ባለ 24 መብራት ቀለበት ከዘጠኝ ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ነው የገዛኋት። መርካቶ፣ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ከሚሸጥባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ከትናንሽ ሞተሮችና ከሽቦ ጋር ተደባልቃ አየኋት። አምባር የምታክል ጥቁር ቀለበት ናት። ዙሪያዋን 24 ነጫጭ ነጥቦች ተደርድረውባታል። ሻጩ 1,300 ብር አለኝ። ተከራክሬ በ1,150 ወሰድኳት። በስስ ፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ካርቶን የለ፣ መመሪያ የለ። ዋስትና እንዳላት ስጠይቀው «ለዚች?» ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ሐምሌ ነው። ከዘጠኙ ወር ስምንቱን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነው ያሳለፈችው። አንድ ጊዜ ወድቃለች። አንድ ጊዜ ለእናቴ ዋሽታለች። ከመብራቶቿ አንዷ ሞታለች፤ ገዳይዋም እኔ ነኝ። ገና በሳምንቷ ብጽፍላት ኖሮ ሙገሳ ብቻ ነበር የሚሆነው። እንኳንም ቆየሁ።

የገዛኋት ለእማዬ ሰዓት ልሠራላት ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። እሷ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነስታ ሥላሴ ትሄዳለች። ጣጣው ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። ስልኳን ስትነካው ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋታል። መነጽሯን በዳበሳ ትፈልጋለች። ከዚያ ስልኩ 3:40 ይላታል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። «ስድስት ልደምር ወይስ ልቀንስ?» ስትል እንቅልፏ ይበናል።

«ቁጥር አልፈልግም» አለችኝ። «ሌሊቱ ምን ያህል እንደቀረው ብቻ ይታየኝ።»

ለዚህ ጥያቄ ከቀለበት የተሻለ መልስ አልታየኝም።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ሻጩ «ኒዮፒክስል» ነው ያላት። ኒዮፒክስል የአሜሪካው አዳፍሩት የተባለ ድርጅት ለራሱ ምርቶች ያወጣው ስም ነው። ገበያ ላይ ግን የዘሩ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ የዱቄት ሳሙና ሁሉ «ኦሞ» እንደሚባለው። የእኔዋ አምራቿ ያልተጻፈባት ርካሽ ቅጂ ናት። መብራቶቿ ደብሊውኤስ2812ቢ የሚባሉት ናቸው። እያንዳንዷ 5 በ5 ሚሊ ሜትር ናት። በዚያች የትንሽ ጣት ጥፍር በማታክል ቦታ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት አለ። ከነሱ ጎን ደግሞ ትእዛዝ የምትሰማ ቺፕ ተቀምጣለች። ለእያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ቁጥር ትሰጧታላችሁ። ሦስቱ ተደባልቀው የፈለጋችሁትን ቀለም ያወጣሉ።

እኔን የማረከኝ 24ቱንም በአንድ የዳታ ሽቦ ማዘዝ መቻሉ ነው። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር አይታችኋል? የመጀመሪያው ሰው ድርሻውን ዘግኖ ትሪውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ይህም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያዋ መብራት ከሚመጣው ትእዛዝ የራሷን 24 ቢት (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው) ታነሳና የቀረውን ለቀጣይዋ ትለቃለች። በሴኮንድ 800,000 ቢት ስለሚያልፍ ዙሩ በሙሉ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ዓይን አይደርስበትም። አንዷ ትሪውን ይዛ ከቀረች ግን ከሷ በኋላ ያሉት ጦማቸውን ያድራሉ። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጀርባዋ ላይ አራት የብየዳ ነጥቦች አሉ፤ 5 ቮልት፣ ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ)፣ የዳታ መግቢያ፣ የዳታ መውጫ። ሽቦውን ራሳችሁ ናችሁ የምትበይዱት። ነጥቦቹ ትንንሽ ናቸው። የጋለ ብረት ብዙ ከቆየባቸው ከቦርዱ ተላቅቀው ይመጣሉ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይበቃል። እኔ መጀመሪያ በአሮጌ ሽቦ ተለማምጄ ነው የገባሁበት፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ማሰሪያ ቀዳዳ የላትም። ይህ የርካሽነቷ አንዱ ምልክት ነው፤ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ኮዱ ቀላል ነው። የአዳፍሩት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) አለ፣ ፋስትኤልኢዲ የሚባልም አለ፣ ሁለቱም በነጻ ናቸው። መጀመሪያ ቀይ ብዬ ባዝዛት አረንጓዴ በራች። ደነገጥኩ። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ እነዚህ መብራቶች ቀድመው የሚቀበሉት አረንጓዴውን፣ ከዚያ ቀዩን፣ ከዚያ ሰማያዊውን ነው። ላይብረሪው ላይ አንድ ቃል ሲቀየር ይስተካከላል። ቀለበቷን የማዛት በኢኤስፒ32 ነው፣ ኮድ በሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፤ ዋይፋይ ስላለው ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያመጣል። ዋይፋይ የማትፈልጉ ከሆነ የዚያው ዓይነት ቦርድ የሆነው ተራው አርዱዊኖ ኡኖ ይበቃል። እያንዳንዷ መብራት ከማስታወሻው 3 ባይት ብቻ ነው የምትወስደው። 24ቱ 72 ባይት ማለት ነው፣ ኡኖ ደግሞ 2,048 አለው።

ሰዓቱን ሳስገባ አንድ ነገር አሳቀኝ። ኢንተርኔት የሚሰጠው የግሪኒች ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ 3 ሰዓት እንቀድማለን። በእኛ አቆጣጠር ለማድረግ ደግሞ 6 ይቀነሳል። ሁለቱ ሲቻቻሉ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይሆናል። ስለዚህ ኮዱ ላይ «-10800 ሴኮንድ» ብላችሁ ብትጽፉ የሐበሻ ሰዓት በቀጥታ ይመጣል፣ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። በዓለም የሰዓት ቀጠና ከሄድን ይህ የቦነስ አይረስ ሰዓት ነው። የእማዬ ሰዓት አርጀንቲና ያለች እየመሰላት ነው አራት ኪሎ ላይ በትክክል የምትቆጥረው።

ሌላም ነገር ገጠመ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው። የእኛ ቀን ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ዜሮኛዋ መብራት ንጋት 12 ሰዓት ናት፣ አንደኛዋ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሁለተኛዋ 2 ሰዓት። አስራ ሁለተኛዋ ላይ ስትደርሱ መሽቷል፣ ማታ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ ሌሊቱ እስከ 23ኛዋ ይሄዳል። ቀለበቶቹ ባለ 12ም ባለ 16ም አሉ፤ ባለ 60ዋ ደግሞ በአራት ቅስት ተቆርጣ ትሸጣለች። ለሐበሻ ሰዓት ግን ባለ 24ዋን የሚያክላት የለም። ለደቂቃ ትቸግራለች፤ 60ን ለ24 ስታካፍሉ አንዷ መብራት ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሳታል። እኔ ደቂቃን ተውኩት። የሚቀጥለው ሰዓት መብራት ቀስ እያለች እንድትደምቅ አደረግኩ፣ ሰዓቱ ሲጋመስ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። እማዬ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ግድግዳ ላይ ስሰቅላት ግን ተሳሳትኩ። እንደለመድነው የግድግዳ ሰዓት 12ን ከላይ አደረግኩ። በነጋታው ጠዋት እማዬ ቡና እየቆላች ቀና ብላ አየቻት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጠዋት 12 ሰዓት ነበር፣ አሁን ወደ 1 እየሄደ ነው።»

«ፀሐይ ከራስጌ ነው እንዴ የምትወጣው?»

መልስ አልነበረኝም። ብረት ምጣዱን አስቀምጣ በእጇ አሳየችኝ። ከዚህ ትወጣለች፣ እዚህ አናት ላይ ትደርሳለች፣ በዚያ ትገባለች። ከዚያ በታች በኩል ዞራ ትመጣለች። እጇ የሠራው ክብ እኔ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጻፍኩት ኮድ ይሻል ነበር።

ደግነቱ ቤታችን ተመቻት። ሳሎኑ ውስጥ ጀርባችሁን ለእንጦጦ ሰጥታችሁ የምታዩት ግድግዳ አለ። እሱን ስታዩ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ነው። ግራ እጃችሁ ምሥራቅ ነው፣ ቀኝ እጃችሁ ምዕራብ። ቀለበቷን ወደዚያ ግድግዳ አዛወርኩና ሩብ ዙር አዞርኳት። ዜሮኛዋ መብራት ግራ ሆነች። አሁን ንጋት በግራ ይገባል፣ እኩለ ቀን አናት ላይ ነው፣ ማታ 12 ሰዓት በቀኝ ይወርዳል። የላይኛው ግማሽ ቀን ነው፣ የታችኛው ግማሽ ሌሊት። አዲስ አበባ ላይ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራቸው፣ ስለዚህ ግማሽ በግማሹ አይዋሽም። ኮዱ ላይ አንድ መስመር አልነካሁም። ቀኑን ብርቱካናማ፣ ሌሊቱን ቀይ አደረግኩት። እማዬ አሁን አልጋዋ ላይ ሆና በተከፈተው በር አሻግራ ታያለች። ቀዩ ነጥብ ከታች ሆኖ ወደ ግራ ምን ያህል እንደወጣ ታይና ወይ ትተኛለች ወይ ትነሳለች።

ስለ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ላውራችሁ። ገንዘቤንም እንቅልፌንም የበላው እሱ ነው።

አንዷ መብራት ሦስቱንም ቀለም በሙሉ ኃይል ስታበራ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ትወስዳለች። በ24 ስታባዙት 1.44 አምፔር ይሆናል። እኔ ቤት የነበረው የስልክ ቻርጀር «2 አምፔር» ይላል፤ ወረቀት ሁሉን ይሸከማል። ቀለበቷን በሙሉ ነጭ ሳበራት ነጩ ወደ ሮዝ አደላ፣ ኢኤስፒውም ደጋግሞ ጠፍቶ ይነሳ ጀመር። በመልቲሜትር ስለካው 5 ቮልት የተባለው 4.4 ላይ ወርዷል። ሮዝ የሆነውም ለዚህ ነው። ቀይ መብራት በትንሽ ቮልት ይሠራል፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ከፍ ያለ ይፈልጋሉ። ቮልቱ ሲወርድ ቀድመው የሚደክሙት እነሱ ናቸው።

ለሰዓት ሙሉ ነጭ ስለማያስፈልገኝ ብርሃኗን ቀንሼ በዚያው ቻርጀር ቀጠልኩ። አንድ ወር ያለ እንከን ሠራች። ከዚያ ልቤ አልችል አለና ጥሩ ቻርጀር ገዛሁ። ሰክቼ ስለካው 5.1 ቮልት፣ የማይነቃነቅ። ደስ አለኝ። በዚያው ማታ ቀለበቷ አበደች። ያላዘዝኳት አረንጓዴ ብልጭ ይላል፣ ሰማያዊ ይሮጣል፣ ሰዓቱ ይመለስና ደግሞ ይጠፋል። እማዬ «የሠርግ ቤት አደረግከው» አለች።

በነጋታው ቻርጀሩን ይዤ ሄጄ ሻጩን ተጣላሁት። ልጁ ሳይናገር ቀየረልኝ። አዲሱም ያው። ሁለተኛ መሄድ አፍሬ ቁጭ ብዬ የቺፑን መግለጫ አነበብኩ። ሻጩ ምንም አላጠፋም ነበር። መብራቶቹ የዳታ ምልክትን «አዎ» ብለው የሚቀበሉት ከሚመገቡት ቮልት 70 በመቶ ሲደርስ ነው። ኢኤስፒ32 የሚያወጣው 3.3 ቮልት ነው። በደካማው ቻርጀር የ4.4 ሰባ በመቶ 3.1 አካባቢ ስለሆነ ይሰማማሉ። በጥሩው ቻርጀር የ5.1 ሰባ በመቶ 3.57 ነው። አሁን 3.3ቱ አይደርስም፣ መብራቶቹ አንዳንዱን ይሰማሉ፣ አንዳንዱን ይገምታሉ። መጥፎው ቻርጀር ሳላውቀው ያስታርቃቸው ነበር።

ትክክለኛው መፍትሔ በመሃል ምልክቱን ከ3.3 ወደ 5 የምታነሳ ትንሽ ቺፕ ማስገባት ነው። በዚያ ሳምንት ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ የሞተ ቻርጀር ፈትቼ 1ኤን4007 የምትባለዋን ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ናት) አወጣሁና በቀለበቷ 5 ቮልት ሽቦ ላይ በየድኳት። ዳዮዷ 0.7 ቮልት አካባቢ ትቀንሳለች። ቀለበቷ 4.4 ቮልት ታገኛለች፣ ኢኤስፒው ሙሉውን። ሠርጉ በዚያው አበቃ። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህች ዳዮድ የምትችለው 1 አምፔር ነው፣ ቀለበቷ ሙሉ ነጭ ስትበራ ከዚያ ልታልፍ ትችላለች። እኔ ብርሃኗን ኮዱ ላይ ከሩብ በታች ገድቤዋለሁ። አርዱዊኖ ኡኖ የምትጠቀሙ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ እሱ ራሱ 5 ቮልት ነው የሚያወጣው።

ሁለት ነገር ግን ማንም አይዝለል። በዳታው ሽቦ ላይ ከ300 እስከ 500 ኦም የሆነች ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የምትገድብ)፣ በ5 ቮልትና በግራውንዱ መካከል ደግሞ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም)። ሁለቱ ተደምረው ከማኪያቶ አይበልጡም። እኔ ሬዚስተሯን «በኋላ አስገባታለሁ» ብዬ ትቻት ነበር።

መብራት መሄዱ የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ፓወር ባንክ ላይ ሰካኋት። ማታ ብርሃኗን ስቀንስና ዋይፋዩን ስዘጋ የምትወስደው ትንሽ ነው። ፓወር ባንኩ «የተሰካ ነገር የለም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጨለማ። ከዚያ ለዋይፋይ ራውተር የምንጠቀምባት ባለ ባትሪ ሚኒ ዩፒኤስ የ5 ቮልት መውጫ እንዳላት ትዝ አለኝ። እስከ ዛሬ እሷ ላይ ናት፣ በዚህ ክረምት አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። ሰዓቱ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንዳይስት ደግሞ ዲኤስ3231 የምትባል ሰዓት ጠባቂ ጨመርኩ። ሳንቲም የምታክል ባትሪ አላት፣ በዓመት የምትስተው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ተሳስተሃል ብትሉኝ ደስ ይለኛል እንጂ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር አልገዛሁም።

ብርሃኗ ኃይለኛ ነው። ቀን ላይ ይመቻል። ሌሊት ግን ከ255 ወደ 30 ብታወርዷትም ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይን ትወጋለች። እኔ ሌሊት ቁጥሩን ወደ 3 ነው የማወርደው። እዚህ ላይ ድክመቷ ይወጣል። ቁጥሩ እንዲህ ሲያንስ ለቀለም ቦታ አይተርፍም። ቆንጆው ብርቱካናማ ወይ ቀይ ይሆናል ወይ ይጠፋል። ቀስ ብሎ መድመቁም ቀርቶ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ይዘላል። ስለዚህ ሌሊቱን ንጹሕ ቀይ ያደረግኩት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ሌላ አማራጭ ስላጣሁ ነው። በዚህ በኩል ኤፒኤ102 የሚባሉት መብራቶች ይሻላሉ። ዋጋቸው ግን ሌላ ነው፣ ሽቦም ይጨምራሉ።

ነጥቦቹ እንዳይወጉ ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ከፊቷ አደረግኩ። የአይስክሬም ዕቃ ክዳን ነው። ከመብራቶቹ አንድ ጣት ያህል ሲርቅ ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ሲጠጋ ነጥብ ነጥቡ ይታያል። ዙሪያውን እማዬ ዱሮ የሰፋቻት ትንሽ ሰፌድ ታቅፋዋለች። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰፌዷ ነው።

ቢጫ ላይ ደግሞ እንዳትሸወዱ። ለየካቲት 23 ባንዲራ ላደርጋት ፈለግኩ። 24 ለሦስት ስታካፍሉት ስምንት ስምንት ይደርሳል፣ ቆንጆ ነው። ቀይ 255 ከአረንጓዴ 255 ቢጫ ይሰጣል ይላል መጽሐፉ። እኔ ጋ ሁለት አረንጓዴና አንድ ቀይ ሆነ። በእነዚህ መብራቶች ላይ አረንጓዴው ለዓይናችን ጎልቶ ይታያል። አረንጓዴውን ወደ 150 ሳወርደው ቢጫው ቢጫ ሆነ። በዓድዋ ዕለት ሙሉ ቀን በራች፤ ሰዓቱን በዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። ለወዳጆቼ ቪዲዮ ላንሳት ብል ግን ስልኩ ላይ ጥቁር መስመር ይወርድባታል። መብራቶቹ ብርሃን የሚቀንሱት በፍጥነት በመብራትና በመጥፋት ስለሆነ ዓይን ያላየውን ካሜራው ያያል።

ወደ ውሸቷ ልምጣ። እነዚህ መብራቶች አንድ ጠባይ አላቸው። የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው ይቆያሉ። ኤሌክትሪክ እስካላቸው ድረስ አዲስ ነገር ካልተነገራቸው ያንኑ ያበራሉ። መጋቢት ላይ፣ በጾሙ ወቅት፣ ኢኤስፒው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስታክ አደረገ። ቀለበቷ ግን 9 ሰዓትን እያበራች ቀረች። ግድግዳ ላይ ያለ የባትሪ ሰዓት ሲቆም ቢያንስ የሴኮንዱ ዘንግ አይንቀሳቀስም፣ ታውቁታላችሁ። ይህች ስትቆም ቆማለች አትሉም። እማዬ ሁለት ጊዜ ነቅታ ሁለት ጊዜ አየቻት። «ገና ነው» ብላ ተኛች። ስትነሳ ነግቷል።

አልተቆጣችኝም። «አንተን አምኜ» ብቻ አለች። ከቁጣው ያ ይብሳል።

በዚያው ቀን ሁለት ነገር ጨመርኩ። ዋችዶግ የሚባለውን ጠባቂ ኮዱ ላይ አስገባሁ፤ ፕሮግራሙ ለጥቂት ሴኮንዶች ምላሽ ካጣ ራሱን በራሱ ያስነሳል። ሁለተኛ፣ የሰዓቷ መብራት በየአራት ሴኮንዱ ትንሽ ደብዘዝ ብላ እንድትመለስ አደረግኩ፣ እንደ ትንፋሽ። ትንፋሿ ከቆመ ሰዓቷ ቆማለች ማለት ነው። እማዬ አሁን ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። «አለች» ትላለች።

የወደቀችው ሚያዝያ ላይ ነው። ማሰሪያ ቀዳዳ ስለሌላት በሙጫ ሽጉጥ ነበር የለጠፍኳት። የእህቴ ልጅ ሙሉ ነጭ አድርጎ ሲጫወትባት ሞቀች፣ ሙጫው ለሰለሰ፣ ሰፌዷ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀረች። ገደቡን ራሱ ነው ከኮዱ ያጠፋው፤ አስራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ በአንድ በኩል ኮርቻለሁ። ዳዮዷም እንዴት እንደተረፈች አላውቅም። ቀለበቷ ምንም አልሆነችም። አሁን በስስ ሽቦ አራት ቦታ ላይ አስሬያታለሁ።

ሞቱ የመጣው በዚሁ ጥገና ነው። መልሼ ስገጥማት ቸኮልኩ። ኤሌክትሪኩን ሳልነቅል፣ ግራውንዱን ሳላገናኝ፣ ዳታውን ቀድሜ ነካሁት። «በኋላ» ያልኳት ሬዚስተርም እስከዚያ ቀን አልገባችም ነበር። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ቀለበቷ በሙሉ ጨለመች። ንፍሮውን አስታወሳችሁ? ዜሮኛዋ መብራት ሞታለች፣ ትሪው እሷ ጋ ቀርቷል። ሃያ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ ግን ማንም አያናግራቸውም። ደብሊውኤስ2813 የሚባለው ታናሽ ወንድማቸው ለዚህ ሁለተኛ የዳታ መስመር አለው፣ አንዷ ብትሞት ቀጣይዋ ትሰማለች። የእኔዋ የላትም።

ፒያሳ የነበረው ሱቁ ሲፈርስ ወደ እኛ ሰፈር የመጣ ስልክ ጠጋኝ ልጅ አለ። ይዤለት ሄድኩ። በማጉያው ትንሽ አያት።

«ጋሼ፣ መቀየሪያዋ የለኝም» አለኝ። «ግን ልዝለላት?»

ፀጉር የመሰለች ሽቦ ከዳታ መግቢያው ወደ ቀጣይዋ መብራት መግቢያ በየደ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሃያ ሦስቱ ተነሱ። 200 ብር አለኝ፣ አልተከራከርኩም። ኮዱ ላይም መብራቶቹን 23 አድርጌ ቁጥራቸውን በአንድ አሸጋሸግኩ።

ቤት ስመለስ ግን የሞተችው መብራት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ናት። ፀሐይ በምትወጣበት ቦታ ጨለማ። እማዬ አይታ ዝም አለች፣ እኔም ገባኝ። ሽቦዎቹን ፈትቼ ቀለበቷን አዞርኳትና ቁጥሩንም አብሬ አዞርኩት። አሁን ጨለማዋ መብራት የት ትሁን የሚለው ቀረ። ምርጫውን ለእማዬ ሰጠኋት።

ቆጥራ ቆጥራ «ሌሊት 7 ሰዓት ይሁን» አለች። «ያን ጊዜ እንኳን እኔ ዶሮውም አይነቃ።»

ከታች፣ ከእኩለ ሌሊት አንድ ነጥብ ወደ ግራ፣ እዚያ ናት። ሁለተኛ ቀለበት እንዲያመጣልኝ ለሚጓዝ ጓደኛ ነግሬያለሁ። ይህችኛዋን ግን ላወርዳት እንዳልሆነ ከወዲሁ ተነግሮኛል።